ጉሙ የወሰዳት እርምጃ

በመካነ ሰላም ጉም ሲወርድ ከተማው ቦታውን ለቆ የሄደ ይመስላል። ጠዋት በሬን ስከፍት ማዶ ያለው ቆርቆሮ ቤት የለም፤ የመብራት ምሰሶው የለም፤ ሽቦው ላይ የተሰጣ ካልሲዬ ብቻ በነጭ ባዶ መሃል ተንጠልጥሎ ይታየኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለውን ቀን ወድጄዋለሁ። መንገድ መሃል የቆመን ሽማግሌ ምን እያሰብክ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሰው ቢጋጨው እንኳ ሰላም ብሎት ነው የሚያልፈው፤ ማን እንደሆነ ሳያውቅ የልጆቹንም የከብቶቹንም ደህንነት ጠይቆት ያልፋል።

ላወራ የፈለግሁት ግን ስለ አንድ የቼዝ ጨዋታ ነው። ጉሙን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው፤ ኋላ ጥፋቱን የምጭንበት ሳጣ ይጠቅመኛል።

ተጋጣሚዬ ሐጂ ናቸው። ዋናው መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጡ፣ በቁመት ግን ብዙ የሚያንሱ ሰው ናቸው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ይሉኛል፤ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ ደግሞ "መምህር" ይሉኛል። ቼዝን የተማሩት በወጣትነታቸው ጅዳ ሲሠሩ፣ አብሯቸው ከሚኖር ሱዳናዊ ምግብ አብሳይ ነው። ሰውዬው ሽንኩርት እየላጠ ይጫወት ስለነበር ሐጂ ሰሌዳው ፊት ሲቀመጡ ዛሬም ዓይናቸውን የመጥረግ ልማድ አላቸው። እኔ የተማርኩት ኮሌጅ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጨመርኩት ነገር ቢኖር ዕድሜ ነው።

በሱቃቸው በረንዳ ላይ ለስንት ዓመት እንደተጫወትን አላውቅም። የበረንዳው ቀለም አርጅቶ እስኪቀባ፣ የተቀባውም መልሶ እስኪያረጅ ተጫውተናል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን አሸንፌያቸው አላውቅም። ወላሂ። ጉንፋን ይዟቸው እያስነጠሱ አሸንፈውኛል። ከደንበኛ ጋር ስለ አቡጀዲ እየተከራከሩ፣ ጀርባቸውን አዙረውብኝ አሸንፈውኛል። አንድ ጊዜማ አቻ ልንወጣ ስንል ዝናብ መጣና ሰሌዳውን ተጣድፈን ስናስገባ ወታደሮቼ ጭቃ ውስጥ ወደቁ፤ ሐጂ ጭቃ ያልነካቸውን ብቻ ቆጥረው መሸነፌን አስታወቁኝ። እኔም አመንኳቸው። መሸነፍ ሲለመድ ማስረጃ አይጠየቅበትም።

የበረንዳው ቼዝ የሁለት ሰው ጨዋታ አይደለም። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ይዞ የሚሠራ ልብስ ሰፊ አለ፤ ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ግን ሱሪ እያሳጠረ "ፈረሱን ልቀቀው" ይለኛል፣ እኔም እለቀዋለሁ፣ ፈረሱም ይበላል። ከከላላ ወረዳ በበቅሎ የመጣ ገበያተኛ ጨርቅ ሊገዛ ቆሞ ምክር ሰጥቶ ይሄዳል። ደግሞ "መለስኩ" የሚባል ነገር አለ። የማትረባ እርምጃ ከሄድክ "መለስኩ" ትላለህ፣ እቃህን ወደ ቦታው ትመልሳለህ፤ ማንም ክፉ አይናገርህም። ሐጂ "መለስኩ" ሲሉ እኔ ዝም እላለሁ፤ እኔ ስል እሳቸው "መልስ፣ መልስ፣ የሚጠቅምህ ከመሰለህ" ይላሉ። በሰያፍ የሚሄደውን፣ ተማሪዎቹ ጳጳስ የሚሉትን እቃ፣ ሐጂ በዚህ ስሙ ጠርተውት አያውቁም። "ያንተን ጳጳስ በላሁ ብዬ ስናገር ሰው ቢሰማኝ ደግ አይደለም" ብለው "ሰያፉ" ይሉታል። ሰያፎቼን ግን አንድ በአንድ ይበሏቸዋል።

ቀትር ላይ አዛን ሲሰማ፣ ጨዋታው የትም ይድረስ፣ ሐጂ ይነሳሉ። እኔ ሰሌዳውን እጠብቃለሁ። ከመስጊድ ሲመለሱ ብድግ ብዬ "ኖር" እላለሁ፤ እጃቸውን ጨብጬ "ይቀበልዎ" እላለሁ፤ እሳቸውም "አሚን" ብለው ይቀመጣሉ። በእኛ አገር ለአፍታም ቢሆን ወጥቶ የተመለሰ ሰው እንደ አዲስ ሰላም ይባላል፤ ከሶላት የተመለሰ ደግሞ ሳይጨብጡት አይታለፍም። እሳቸው በበኩላቸው እኔ በምጾምበት ቀን የሻይ ብርጭቆውን ከመጋረጃ ኋላ ወስደው ነው የሚጠጡት። ብርጭቆውን ሳላይ ድምፁን እሰማለሁ፤ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። እንዲህ ነው የኖርነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ሐጂ ፈረሴን እየበሉ፣ ልክ የዝናብ ወሬ እንደሚነግረኝ ሰው፣ ወደ ኮምቦልቻ ሊሄዱ መሆኑን ነገሩኝ። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ሠርተው እዚያ ቤት አቁመዋል። የዚህ አገር ብርድ ለጉልበታቸው አልሆነም። ሱቁን ለእህታቸው ልጅ ይተዉለታል። ዕቃቸውም በሚቀጥለው ሳምንት ይጫናል።

ደግ ሰው ብሆን ኖሮ መጀመሪያ ልቤን የነካው ናፍቆት በሆነ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳላሸንፋቸው?

የሆነውም በዚያው ሰሞን ነው። የከተማው የቼዝ ክበብ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ክበቡ የመሰናዶ ተማሪዎች፣ ሁለት ሦስት አስተማሪዎች፣ አንድ የፋርማሲ ባለሙያና እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ነው። ዳኛ ከደሴ መጥታልናለች፤ ወጣት ሴት ናት፣ ባለ ሁለት ፊት ሰዓት ይዛ የመጣች፣ ስትናገር ድምጿን ከፍ የማታደርግ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሲጫወት ሰነበተና የመጨረሻው ግጥሚያ የእኔና የሐጂ ሆነ። ሐጂ በግማሽ ነጥብ ይቀድሙኛል። እኔ ካሸነፍኩ ዋንጫው የእኔ ነው፤ አቻ ከወጣን ወይም እሳቸው ካሸነፉ የእሳቸው። የዋንጫው ነገር ብዙም አላስጨነቀኝም፤ ላስቲክ ነው፣ በወርቃማ ቀለም የተቀባ። እኔ የፈለግሁት ድሉን ነው። በሰዓት፣ በዳኛ ፊት፣ "መለስኩ" በሌለበት፣ ሐጂ ከመካነ ሰላም ሳይወጡ አንድ ጊዜ ብቻ። ዕቃቸው ከተጫነ በኋላ ሌላ ዕድል የለኝም።

በዕለቱ ጠዋት የማስተማሪያ ክራቫቴን አሰርኩ። ባለቤቴ የማን ሠርግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሐጂ ቀብር ነው ብዬ አላግጬ ወጣሁ፤ በሩን ሳልዘጋው በቃሌ ደንግጬ አማተብኩ። ውጭ ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆሟል። አዳራሹን በእግሬ ልማድ ነው ያገኘሁት። የወጣቶች ማዕከሉ አዳራሽ አንድ መስኮቱ መስታወት የለውምና ጉሙ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ጣሪያው ሥር ተንሳፍፏል። የላስቲክ ወንበሮቹ ላይ ሰው አለ፤ ፊቱ ግን በግማሽ ነው የሚታየው። ልብስ ሰፊውም መጥቷል፤ ሥራውን ዘግቶ።

ዳኛዋ ሕጉን ነገረችን። ከተመልካች ወሬ አይፈቀድም። የነኩትን እቃ ማንቀሳቀስ ግድ ነው። ሐጂ ለሶላት ሲወጡ፣ አስቀድመን ስለተስማማንበት፣ ሰዓቱ ይቆማል። ከዚያ ጣቷን አንስታ፣ ልጅ እንደምትመክር፣ "አባቶች፣ ስትጀምሩ ትጨባበጣላችሁ፣ ሲያልቅ ትጨባበጣላችሁ" አለች። "በመሃል ላይ ከተጨባበጣችሁ ግን አቻ ተስማማችሁ ማለት ነው፣ እመዘግባለሁ።" ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ። የእኔ ጆሮ የሚጠቅመኝን ነገር ሲሰማ ሁልጊዜ ትንሽ ይደነቁራል።

ተጨባበጥን፤ ጀመርን።

ዝም ያለ ቼዝ ተጫውቼ አላውቅም ነበር። የስፌት መኪና ድምፅ የለም፣ ገበያተኛ የለም፣ የሻይ ብርጭቆ የለም። የሰዓቷ ቲክ ቲክ አለ፣ ከሐጂ ግራ እጅ የመቁጠሪያቸው ጠጠሮች ቀስ እያሉ እርስ በርስ ሲነካኩ ይሰማል። ጉሙ ከመስኮቱ እየወረደ ሰሌዳው ጫፍ ላይ የተኛ መሰለኝ። ሰሌዳውን አተኩሬ ሳይ፣ ያው የድሮ ሙያዬ ሆነና፣ ካርታ ሆነብኝ። ነጩ ሜዳ የደጎሎ የስንዴ ማሳ፣ ጥቁሩ ገደል። ፈረሶቼ በገደሉ አፋፍ ወደ ከላላ የሚሄዱ በቅሎዎች ናቸው፤ ጭነታቸው ዘምበል ብሏል። አንዱ ወታደሬ ብቻውን ወደ ፊት ርቆ ሄዶ ሜዳ መሃል ቆሟል፤ የጠፋ ሰው ይመስላል። አዘንኩለት። ለወታደር ማዘን የደካማ ተጫዋች ምልክት ነው፤ በዚያ ላይ ያዘንኩለት በሰዓቴ ነው።

ከዚህ ዓለም የመለሰኝ የሐጂ ድምፅ ነው። ፈረሳቸውን አንስተው አስቀመጡ፣ ጥቂት አሰቡ፣ ወደ ቦታው መልሰው "መለስኩ" አሉ። እንደ በረንዳው፣ ምንም ሳይመስላቸው።

ዳኛዋ ከኋላቸው መጥታ በለሆሳስ የነኩትን እቃ ማንቀሳቀስ እንዳለባቸው አስታወሰቻቸው። ሐጂ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥለው እኔን፣ በመጨረሻ ፈረሱን አዩ። ፈረሱ የሚሄድበት ደህና ቦታ አልነበረውም። ሄደ፤ በላሁት። በሕይወቴ ከሐጂ እጅ በነጻ የወደቀልኝ የመጀመሪያው ፈረስ ነው። ልብስ ሰፊው ሊያቃስት ነው ሊስቅ ያልለየ ድምፅ አወጣና ዳኛዋ በትህትና አስወጣችው። ቀሪውን ጨዋታ ከውጭ ሆኖ ተከታተለ፤ ጉሙ ውስጥ አፍንጫው ብቻ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይታይ ነበር።

አንድ ፈረስ በልጦ የቀጠለ ሰው ማሸነፍ አለበት። ይህን ሕፃንም ያውቃል። ግን እኔ ነኝ። ሐጂ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ እንደ በረንዳው ሆነ። ንግሥታቸው መጣች፣ ግንባቸው ተከተላት፤ ንጉሤ ከወታደሮቹ ኋላ ተሸጉጦ ማን በየት በኩል እንደመጣበት አላወቀም። ብልጫዬ ከእጄ ላይ እንደ ጤዛ እየደረቀ ሲሄድ ይሰማኛል። ክራቫቴን ፈታሁ። የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ የት እንደምሄድ ግን አልታየኝም። ያን ጊዜ አዛን አለ።

ዳኛዋ ሰዓቱን አቆመች። ሐጂ ተነስተው "መጣሁ" ብለው ወጡ። ጉሙ በሩ ላይ ዋጣቸው።

ብቻዬን ቀረሁ፤ ተመልካቹም ሻይ ሊጠጣ ወጣ ወጣ አለ። ዳኛዋ ጥግ ይዛ ስልኳን ታያለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳውን ሳልፈራው ተመለከትኩት። ውጭ ነፋስ ተነሳና፣ በዚህ አገር እንደሚሆነው፣ ጉሙ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። መስታወት በሌለው መስኮት ኮረብታዎቹ ታዩ፤ ከኮረብታዎቹ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ታየ፤ ከታች ከታች፣ ፀሐይ ያረፈበት ቢጫ ቆላ ለዓይን ብልጭ አለ። ዓይኔን ወደ ሰሌዳው ስመልስ አየኋት።

ትንሽ እርምጃ ናት። አትበላም፣ ንጉሥ አታስፈራራም፣ ድምፅም የላትም። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ትንሽ ፈቀቅ እንደማድረግ ያለች ነገር ናት። እሷን ከሄድኩ ግን ሐጂ የሚሄዱት ሁሉ ወደ ውድቀት ነው፤ ንግሥታቸው ብትመለስ ግንባቸው ይወድቃል፣ ግንባቸው ቢመለስ ንጉሣቸው። በዚህም በዚያም አየሁት። ሁሉም ወደ አንድ ወንዝ ይወርዳል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ሌላ ሰው ያየው ነው የመሰለኝ።

ያኔ እንደ ቁም ነገረኛ ሰው እርምጃዋን ይዤ መጠበቅ ነበረብኝ። እኔ ግን በድሌ ተመስጬ በሐሳብ ሄድኩ። ደጎሎ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለማላውቀው ሰው ስነግረው ታየኝ። ሐጂ ኮምቦልቻ ጥላ ሥር ለጎረቤቶቻቸው "መካነ ሰላም አንድ ሰው ነበር ያሸነፈኝ" ሲሉ ታየኝ። ጎረቤቶቹ አላመኗቸውም፤ እኔ በሕልሜ ሳይቀር ተናደድኩ። ቀጥሎ በረንዳው ታየኝ፤ የስፌት መኪናው ድምፅ፣ የተጠቀለለው ጨርቅ ሽታ፣ ፀሐይ እግሬ ላይ። አልተኛሁም። ማንም ተኝተህ ነበር ብሎ ቢከሰኝ አልቀበልም፤ ዓይኔን ግን ጨፍኜ እንደነበር አልክድም።

የእርጥብ ጫማ ኮቴ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ጉሙ ተመልሶ አዳራሹን ሞልቶታል፤ ከነጩ ነገር መሃል ሐጂ ከጺማቸው ለሶላት የታጠቡበት የውዱ ውሃ እየተንጠባጠበ ብቅ አሉ። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ብድግ አልኩ።

"ኖር፣ ሐጂ። ይቀበልዎ።"

"አሚን። ተቀመጥ፣ በአላህ።"

እጃቸውን ጨበጥኩ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ትከሻ ለትከሻ ነካ ተደራረግን። ሁለታችንም ተቀመጥን። ዳኛዋ አጠገባችን ቆማ እየጻፈች ነበር።

ምን እንደምትጽፍ ሐጂ ጠየቋት። አቻ ነው፣ ዋንጫውም የእርስዎ ነው አለቻቸው።

"የምን አቻ? ሰላም እኮ ነው ያለኝ።"

ጠዋት የነገረችንን ደግማ ነገረችን፤ አላፈረችብንም፣ አልሳቀችብንም። የሳቀው አዳራሹ ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው አፍንጫ ጭምር። ሐጂ ግን ዋንጫው እንደተሰጣቸው ሰው አልነበሩም። ይህ ሰው በፈረስ በልጦኛል፣ መሄድ ያለበት እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ ከአላህ ቤት መጥቼ ያልደከምኩበትን አልወስድም እያሉ ቆመው ይከራከሯት ጀመር። በጨርቅ እንኳ እንዲህ ሲከራከሩ አላየኋቸውም። እጄን ግን አልለቀቁም ነበር፤ ይህን ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

ዳኛዋ አሰበች። እሷም የወሎ ልጅ ናት። "ሁለታችሁም ሰላምታ ነው ካላችሁኝ ሰዓቱን እከፍተዋለሁ" አለች፤ ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎ ምን ይላሉ፣ አባባ?"

ሰሌዳውን አየሁ።

የለችም። ፈረሱ አለ፣ ግንቦቹ አሉ፣ የጠፋው ወታደሬ ሜዳው መሃል እንደቆመ ነው፤ እሷ ግን የለችም። የትኛው እቃ ነበር እንደ ወንበር ፈቀቅ የሚለው? ግንቡ ነው? ንጉሡ ራሱ? መስኮቱን አየሁ፤ እዚያም ነጭ ነው። ገደሉም፣ ቆላውም፣ ፀሐዩም ተከድኗል። ሁሉም ሰው እኔን ያያል። ከቀጠልኩ እንደምሸነፍ እንደ ስሜ አውቃለሁ፤ የመጨረሻ ጨዋታችንም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ይሆናል። እርምጃው የጠፋበት ሰው ደግነት ይቀለዋል። ሐጂ በክርክሩ መሃል እጄን አጥብቀው ይዘዋል፣ የውዱው ቅዝቃዜ በእኔ ሙቀት እየለቀቀ ነው።

"አቻ ነው ልጄ" አልኩ። "ጻፊው።"

አንዳንዱ አጨበጨበልኝ። አስተማሪዎቹ ትልቅ ሰው አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ሰው ትሕትና ነው አለ። ሐጂ ብቻ አልተታለሉም። እቃዎቹን ሳንሰበስብ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"አይተሃት ነበር።"

"ምኗን?"

"እኔ እንጃ። ስገባ ግን ፊትህ ላይ ነበረች። እንዲያ ያለ ፊት ይዘህ አታውቅም።" ሰሌዳውን ከዳር ዳር ቃኙት፤ አላገኟትም። "በምን ልትጥለኝ ነበር?"

እዚህ ላይ ነው፣ በሕይወቴ ካደረግሁት ሁሉ ብልጥ የሆነውን ነገር ያደረግሁት። ዝም አልኩ። ክራቫቴን መልሼ አሰርኩ።

ዕቃቸው በተጫነ ቀን በረንዳው ላይ ነበርኩ። ዋንጫዋ ከፍራሽና ከጣቃ ጨርቅ መሃል በቀይ ገመድ ታስራ ትታያለች። መኪናው ሲነሳ ሐጂ ከሾፌሩ አጠገብ ሆነው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ዱአ ሊያደርጉልኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ዱአውን አደረጉልኝ፤ ፊታቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ "ፈረሱን ነበር?" አሉኝ። አይደለም አልኩ። ለምን አይደለም እንዳልኩ አላውቅም። ፈረሱም ሊሆን ይችላል።

አሁን ይደውሉልኛል። መጀመሪያ ጤንነቴን፣ ቀጥሎ የባለቤቴን፣ ቀጥሎ ዝናቡን፣ ቀጥሎ የገብሱን ሁኔታ ይጠይቁኛል። ኮምቦልቻ ይሞቃል። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፣ አልሐምዱሊላህ። የልጅ ልጆቻቸው ስልክ ላይ ይጫወታሉ፤ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠው ሽማግሌ የሚጠብቁበት ትዕግሥት የላቸውም። ከዚያ የመቁጠሪያው ድምፅ በስልክ ይመጣል።

"ግንቡን ነበር?"

"ይምጡና አሳይዎታለሁ።"

"ለአንዲት እርምጃ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ?"

"እንግዲያስ ይቅርብዎ።"

ይስቃሉ፣ ይረግሙኛል፣ ስልኩን ይዘጋሉ። ሳምንት ሳይሞላ መልሰው ይደውላሉ። ጨዋታውን እንደነበረ ደርድረው እንዳስቀመጡት፣ ማንም እንዳይነካው ቁም ሣጥን ላይ እንደሰቀሉት ልጃቸው ነግሮኛል። ማታ ማታ አውርደው ያዩታል አሉ። አሸንፌያቸው ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ረስተውኝ ነበር፤ ተሸንፌም ቢሆን እንደዚያው።

ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ደውለው ቅዳሜ እመጣለሁ እስካሉኝ ድረስ። የእህታቸው ልጅ ሱቅ ውስጥ ጉዳይ አለኝ አሉ። ምን ጉዳይ እንደሆነ ስጠይቃቸው ጉዳይ አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በረንዳው ላይ ሰሌዳውን እንደዚያ ቀን ደርድሬ ከጠዋት ጀምሮ እቀመጣለሁ። ግንቡን ወዲህ አደርጋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ንጉሡን ፈቀቅ አደርጋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ልብስ ሰፊው ሱሪ እያሳጠረ "ፈረሱን ልቀቀው" ይለኛል። ተስፋ ከመቁረጥ የተነሳ ፈረሱን ለቀቅሁት፤ ተበላ። ባለቤቴ በመንገድ ስታልፍ ቆም ብላ፣ ስለረሳኸው ነገር እውነቱን ብትነግራቸው ምን ትሆናለህ አለችኝ። እውነቱን ከነገርኳቸው እኮ ሰኞ ወደ ኮምቦልቻ ይመለሳሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይደውሉልኝም አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች፤ ስትታዘበኝ ነው ስታዝንልኝ ያልለየ አስተያየት አይታኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳም፤ ማዶ ያለው ሱቅ የለም፣ መንገዱ የለም፣ ከበረንዳው ጫፍ ወዲያ አገር የሚባል ነገር የለም። አንድ ጊዜ ነፋስ መጥቶ ሊከፍተው ያለ መሰለኝና ትንፋሼን ይዤ ሰሌዳው ላይ አፈጠጥኩ። የጠፋው ወታደሬ አንገቱን ቀና ያደረገ መሰለኝ። እሱ ይሆን እንዴ? እሱን አንድ እርምጃ ወደ ፊት? ጣቴን ሳስጠጋ ከታች ከመናኸሪያው በኩል የሚኒባስ ጥሩንባ ጮኸ። በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ረዳቱ ደረስን ደረስን ይላል። ቀጥሎ ጉሙ ውስጥ ቀስ ያለ ኮቴ መጣ፣ ከኮቴው ጋር እርስ በርሱ የሚነካካ የመቁጠሪያ ጠጠር ድምፅ።

ወታደሩን ተውኩት። ብድግ አልኩና እጄን ከጋቢው ውስጥ አወጣሁ።